የተቀየረው ምላጭ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከመተላለፊያው መጨረሻ ባለው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ይዣለሁ። ሥራዬ ከሕመምተኛ ገላ ተቆርጠው ለምርመራ የሚላኩትን ናሙናዎች ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ፣ ውጤታቸው ሲደርስም ወደ ላከው ክፍል መመለስ ነው። ከማወራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን ደግሞ ባለታሪኳ ራሷ፣ ነገሩ ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ሻይ ይዘን ቁጭ ባልንበት ነግራኛለች። "ብታወራውም ግድ የለኝም፣ ስሜን ብቻ ተወው" ነው ያለችኝ።

ስሟንማ እኛም ረስተነው ነበር። "ሞረዷ" ነበር የምንላት። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ከባድ የብረት ቢላዎቿን ከእንጨት ሳጥናቸው አውጥታ ስትስል፣ ድምፁ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ በድንጋይ፣ ቀጥሎ በቆዳ ጠፍር ላይ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ሳትቸኩል። ጨርሳ አንዱን ወደ መብራቱ አንስታ ጠርዙን ስትመለከት፣ እናት የልጇን ጥርስ የምትቆጥር ይመስል ነበር። ምላሷም ቢሆን ከቢላዋ አያንስም። መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር የተሳሳትኩ ቀን "ጌታው፣ ዛሬ ዓይንህን ቤት ረስተኸው መጣህ?" ስትለኝ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል።

ሥራው ይህን ይመስላል። ሐኪሙ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየት የሚችለው ብርሃን የሚያሳልፍ ያህል ከሳሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙናው ውሃው ይወጣለትና በሰም ውስጥ ይቀበራል። ሰሙ ሲደርቅ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፤ መዘውሩ በዞረ ቁጥር ሰሙ በስለቱ ላይ አንዴ ያልፍና አንድ ስስ ቁራጭ ይላጣል። አንድ ፀጉር ሃያ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዱ ስንጣቂ ያን ያህል ነው ውፍረቱ። ቁራጩ ለብ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና በመስታወት ይነሳል። እንግዲህ ሁሉም ነገር ያለው ስለቱ ላይ ነው። ከደነዘ ቁራጩ እንዳልተተኮሰ ልብስ ይጨማደዳል። ዓይን የማያየው ጥርስ ካወጣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል፤ ምናልባትም በሽታው ያለበትን ቦታ።

ሞረዷ ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ቢላዎቿን ማንም አይነካም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም በመቀሱ ወረቀት የቆረጠበትን ሰው ለሳምንት የሚያኮርፍ ዓይነት ነው። አንዲት ልጃቸው "እናንተ እኮ በስለት ነው የተጋባችሁት" እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ክፍሉን የሚመሩት ሐኪም ንግግር የማይወዱ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የሚውል ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸው ማንበቢያና በመቁረጫው ክፍል መካከል ትንሽ ተንሸራታች መስኮት አለች። ደህና አድርጎ የተቆረጠ ናሙና ሲገጥማቸው መስኮቷን ከፈት ያደርጉና "ይህን የቆረጠው ማነው?" ይላሉ።

"እኔ ነኝ ዶክተር" ትላለች ሞረዷ።

መስኮቷ ትዘጋለች። በቃ፣ ሌላ የለም። "ጎሽ" እንኳ አይሏትም። ለእሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚያጠግብ ነገር ነበር።

ከዚያ አዲሷ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመንታ ልጆች እናት፣ ከሌላ ሆስፒታል ተዛውራ የመጣች። ዓመት ከሞላት በኋላም ስሟ "አዲሷ" እንደሆነ ቀረ። እሷ የለመደችው የሚሳለውን ቢላ ሳይሆን፣ እንደ ፂም ምላጭ የሳሳውን፣ ረዘም ብሎ ከመያዣው ላይ የሚገጠመውን፣ ሲደንዝ የሚጣለውን ምላጭ ነበር። ዶክተሩ ለሙከራ ጥቂት ፓኬት አስመጡላት።

ሞረዷ መጀመሪያ ላይ እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለቻት። ቁም ሳጥን አካፈለቻት፣ የትኛው ሐኪም ቁጡ እንደሆነ ነገረቻት፣ ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር። አዲሷም "እትዬ" እያለች ከሥሯ አትጠፋም ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት መስኮቷ ተከፈተች።

"ይህን የቆረጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ ዶክተር" አለች ሞረዷ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወረዱና የመስታወቱን ጠርዝ ተመለከቱ። "አይ፣ የአንቺ አይደለም። ፊርማው የአዲሷ ነው።"

አዲሷ ደነገጠች። "ምን አጠፋሁ ዶክተር?"

"ምንም" አሉና መስኮቷን ዘጓት።

ይኸኔ እኔ፣ አፌ ይቆረጥና፣ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" አልኩ። ለሳቅ ነው። አዲሷም ሳቀች። ሞረዷ ራሷ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን እንደ በርበሬ ሲቀላ አየሁት። ያቺን ቀልድ ውጬያት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ወይ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞረዷ መቁጠር ጀመረች። ሰኞ መስኮቷ ለአዲሷ ሁለት ጊዜ፣ ለእሷ አንድ ጊዜ። ማክሰኞ ለአዲሷ አንድ፣ ለእሷ ምንም። ምሳ አብሮ መብላቱ ቀረ፤ "ሆዴን አሞኛል" አለች። የአዲሷ ሳቅ ይረብሻት ጀመር፤ የቦርሳዋ ቀለም፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ የምትሰካበት አኳኋን፣ ሁሉም ቆሽቷን ያሳርራት ነበር። አንድ ቀን ዶክተሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ አዲሷን "ልጆቹ ትኩሳቱ ተዋቸው ወይ?" ብለው ጠየቋት። ሞረዷ ያን ቀን መስታወት ሰበረች።

"የኔ ልጅ ክንዷ ተሰብሮ በጄሶ ታስራ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልጠየቁኝም" አለች ማታ ለባሏ።

ባሏ ልብስ መስፊያው ላይ አጎንብሷል። "ያ እኮ ስድስት ዓመት አለፈው።"

"ቢያልፈውስ?"

"አንቺ ሴት፣ የምትቀኚው በምላጩ ነው ወይስ በልጅቷ?"

"ማን ቀና?"

"እሺ፣ እኔ ቀናሁ" አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ግን ልንገርሽ፤ እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሱቅ ስከፍት ማዶ ያለው ሰፊ ቀንቶ መርፌ ይደብቅብኝ ነበር። ዛሬ ሱቁ የለም። እኔ ስላባረርኩት አይደለም፤ መርፌ ሲደብቅ ሥራው አመለጠው።"

ጥርሷን ነክሳ ተኛች።

በዚያው ሰሞን ከግዢ ክፍል ደብዳቤ መጣ። ለሚመጣው ዓመት የትኛውን ስለት ትፈልጋላችሁ፣ የሚሳለውን ብረት ወይስ የሚጣለውን ምላጭ፣ አንዱን መርጣችሁ አሳውቁ ይላል። ዶክተሩ ሁለቱን ሴቶች ጠሩ፤ እኔንም ጠሩኝ።

"ሁለት ሳምንት እንሞክራለን" አሉ። "አንዱን ናሙና አንቺ በብረቱ ትቆርጫለሽ፣ እሷ ደግሞ በምላጩ። መዝገብ ያዡ መስታወቶቹ ላይ የሚስጥር ቁጥር ይለጥፋል። እኔ የማን እንደሆነ ሳላውቅ የተሻለውን እለያለሁ።"

ነገሩ ፍትሐዊ ነበር። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ የሚያማርሩበት ቀዳዳ አልነበረውም። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ከሃያ ሁለቱ ጥንዶች ዶክተሩ በአሥራ ሰባቱ የምላጩን መረጡ። ቆዳ፣ ጡት፣ እንቅርት፣ አንጀት፣ ሁሉም የምላጩ። የብረቱ የተመረጠው በአምስት ብቻ ነው፤ አምስቱም አጥንት ነበሩ።

ሞረዷ ወረቀቱን አየችው። "እንግዲህ እሷ አሸነፈች ማለት ነው።"

"እኔ የምመርጠው ስለት ነው" አሉ ዶክተሩ፤ "ሰው አይደለም።"

ለሞረዷ ግን ስለቱና ሰው የሚለያዩ አልነበሩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን ብረት ስትስል እጇ አብሮ ተስሏል። ብረቱ ይውጣ ማለት አንቺ ውጪ ማለት ነበር፤ እንደዚያ ነው የሰማችው።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገባች። አዲሷ ዓርብ ከመውጣቷ በፊት አዲስ ምላጭ ገጥማ ክዳኑን ዘግታ እንደነበር ታውቃለች። ማጠቢያው ዳር ደግሞ ዓርብ አጥንት የተሞከረበትና ገና ያልተጣለ ምላጭ ነበር። ለዓይን አዲስ ይመስላል፤ በጥፍር ጫፍ ቀስ ብሎ ለሚነካው ግን ሦስት ቦታ ጥርስ አውጥቷል። ሞረዷ አዲሱን አውጥታ ያንን ገጠመችው። ክዳኑን እንደነበረ ዘጋች።

"ለአንድ ጭረት ብዬ ነበር" አለችኝ በኋላ። "የዚያን ቀን ተራ የስብ እብጠት ነበር፤ ብዙ ትርፍ ያለው። ቢበላሽ ሌላ ይቆረጣል። ዶክተሩ ያንን ጭረት እንዲያዩት ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይላሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ በመስኮቷ ሳይሆን በበሩ ገቡ። እጃቸው ላይ አንዲት ሰም ነበረች። ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጉበት በመርፌ የተወሰደች ናሙና ናት፤ እንደ ክር የቀጠነች፣ የጥፍር ያህል እንኳ የማትረዝም። ሰውየው ወደ ላይኛው ክፍል ከገባ ስምንት ቀኑ ነው፤ ቢጫ ሆኗል፣ እያበጠ ነው፣ ሐኪሞቹም ምን እንደሚሰጡት ተቸግረዋል።

"ሌላ መውሰድ አይቻልም፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም" አሉ ዶክተሩ። "ያለችን ይህች ናት። አዲሷ ትቁረጣት።"

"አዲሷ ትቁረጣት" የሚለው ቃል ባይወጣ ኖሮ ሞረዷ እዚያው ትናገር ነበር። ይህን አምናታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የዱሮው ትእዛዝ "ሞረዷን ጥሩልኝ" ነበር። ቃሉ እንደ እሾህ ወጋትና ዝም አሰኛት። ከዚያ የባሰውንም አልደበቀችኝም። "ደስ አለኝ" አለችኝ። "አሁን እጇ ሲያጥር ሁሉም ያያታል ብዬ ደስ አለኝ።"

አዲሷ ሰሟን አስራ መዘውሩን ቀስ ብላ አዞረች። የመጀመሪያው ቁራጭ ወጣ፤ ውሃው ላይ ሲያርፍ ለሁለት ተከፈለ። ብሩሿን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ምላጩን ወደ ጎን ትንሽ ገፋ አድርጋ ደገመችው። ይኸኛውም ተሰነጠቀ።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

"እኔንጃ። ዓርብ የገጠምኩት አዲስ ምላጭ ነው እኮ።"

እንደገና ገፋች። መዘውሩ በዞረ ቁጥር ክሯ እያለቀች ነው። ስስ ነገር ሲላጥ ድምፅ የለውም። ሞረዷ ከጀርባዋ ቢላዋን በእጇ እንደያዘች ቆማለች። "አቁሚ" አለች መጀመሪያ፣ ለራሷ ያህል፤ ማንም አልሰማትም። አዲሷ አንድ ዙር ጨመረች። ይኸኔ ሞረዷ ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሄደችና መዘውሩን በመዳፏ ያዘችው።

"አቁሚ አልኩሽ። ምላጩ አዲስ አይደለም።"

"ኧረ እትዬ፣ አዲስ ነው፤ ራሴ ነኝ..."

"እኔ ቀይሬዋለሁ። ጠዋት። የአጥንቱን ነው የገጠምኩልሽ።"

አዲሷ ቀስ ብላ ዞራ አየቻት። "ለምን?" እንኳ አላለችም። የገባት መሰለኝ። ክዳኑን ከፍታ ምላጩን አወጣች፣ መጣያው ውስጥ ጣለች፣ ከፓኬቱ ሌላ አውጥታ ገጠመች። ከዚያ እጇን ከማሽኑ በላይ አንስታ ተመለከተችው። ይንቀጠቀጣል።

"በዚህ እጅ አልቆርጥም" አለች። "የቀረችው የምትበቃ እንኳ አትመስለኝም። እትዬ፣ እርስዎ ይቁረጧት።"

ሞረዷ ያን ምላጭ ንቃው ስለነበር ከሦስት ጊዜ በላይ ነክታው አታውቅም። ተቀመጠች። መነጽሯን ጠረገች። ሰሟን በረዶ አስነካች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ መዘውሩን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አዞረችው። አንድ ወጣ፤ ሙሉ። ሁለት። ሦስተኛው ጠርዙ ታጠፈ፤ በብሩሽ ጫፍ ዘረጋችው። አራተኛው ወጣና ክሯ አለቀች። ከዚያ በኋላ የወጣው ባዶ ሰም ነበር።

አራቱ በቁ። ዶክተሩ ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸውና መድኃኒት ያለው በሽታ መሆኑን ጻፉ። ሾፌሩ በሃያ ሦስተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ወጣ፤ ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ሕይወቱ በማን ቅናት ላይ ተንጠልጥላ እንደነበር አያውቅም።

ሞረዷ ውጤቱ ሲወጣ ከሰዓትን አልጠበቀችም፤ የዶክተሩን በር አንኳኳች። እኔ መዝገብ ላስፈርም እዚያው ነበርኩ። ልወጣ ስነሳ ዶክተሩ "ቆይ" አሉኝ፤ ፊቷን አይተው ነው። "ይህ ነገር መጻፍ ሳይኖርበት አይቀርም።"

ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። አላሳጠረችም፣ አላሳመረችም።

"ለምን?" አሉ።

"ቀንቼ።"

"በማን?"

"በእሷ። በመስኮቷ።"

"በየትኛዋ መስኮት?"

ወደ መስኮቷ አመለከተች። ዶክተሩ መስኮቷን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እኔንም አዩኝ። "እኔ እኮ..." አሉና መነጽራቸውን አወረዱ። "እኔ እኮ እንዲያው ነበር የምጠይቀው። የማን እንደሆነ ለማወቅ።"

እኔ ከቅጣቱ ይልቅ ያ ንግግር ነው ያሳዘነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረችበት ነገር ለእሳቸው ምንም አልነበረም። ሞረዷ ግን "አሃ" ብቻ አለች።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ለአራት ወር ከማሽን ታገደች። መስታወት ታጥባለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች። ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው፤ እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀልድ አልወጣኝም። አዲሷ "ደህና አደሩ" ትላታለች፤ ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል የለም።

ምርጫው ግን መልክ ያዘ። ዶክተሩ ለግዢ ክፍል በጻፉት ደብዳቤ፣ ለትንንሽና ለስላሳ ናሙና የሚጣለው ምላጭ፣ ለትልልቁ ሰፋ ያለው ዓይነት ይምጣ፣ ለአጥንት ደግሞ ከሦስቱ የብረት ቢላዎች ሁለቱ ይቆዩ አሉ። ቀጭኑ ምላጭ አጥንት ላይ ሲደርስ ይርገበገባል፤ ቁራጩ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ብረቱ ግን ክብደት አለውና አይነቃነቅም። ችግሩ ብረቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ መኖሩ ነው፤ እሷም መስታወት ታጥባለች።

አጥንቱ ተጠራቀመ። በአምስተኛው ሳምንት አዲሷ ቢላዋን በሁለት እጇ ይዛ ማጠቢያው ጋ መጣች።

"እትዬ፣ ይህ ነገር እምቢ አለኝ።"

ሞረዷ እጇን አደረቀች። "በስንት አጋድመሽ ነው ያሰርሽው?"

"እንደ ምላጩ።"

"እሱማ አይሆንም። ነይ።"

አጋድሞ ማሰሩን አሳየቻት። ድንጋዩ ላይ እንዴት እንደሚገፋ፣ ጠፍሩ ላይ እንዴት እንደሚመለስ አሳየቻት። በሳምንቱ የአዲሷ ቁራጭ ተሻለ፤ ግን አሁንም ይፈረከሳል። እኔ ሰውዬው አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ሞረዷ አጥንት ከመቁረጧ በፊት ሰሙን እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ጨርቁን በረዶ ላይ አድርጋ ሩብ ሰዓት ታቆየዋለች። ይህንን ለአዲሷ አልነገረቻትም።

"ረስተሽው ነው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"እርጥቡን ጨርቅ።"

አፍጥጣ አየችኝ። "አንተ ደግሞ፣ መዝገብህን ያዝ።"

የጨርቁን ነገር ዘጠኝ ቀን ለራሷ ያዘችው። በዘጠነኛው ቀን አዲሷ ሦስተኛውን የተፈረከሰ ቁራጭ ስትጥል ሞረዷ ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ጨርቅ አርጥባ በረዶው ላይ ዘረጋች፣ ሰሙን ገልብጣ አስቀመጠችበት፤ "ሩብ ሰዓት" ብላት ተመለሰች። አዲሷ ለምን እስካሁን እንዳልነገረቻት አልጠየቀችም። ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አልሆኑም። ግን ያን ቀን ምሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ፤ ስለ ድንጋዩ ብቻ አወሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተሩ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የመቁረጫው ክፍል ኃላፊ መሾም ነበረበት። በአገልግሎት ዘመን ቢሆን ሞረዷ ናት፤ ማስጠንቀቂያውም ጊዜው አልፎ ከማኅደሯ ወጥቷል። ዶክተሩ አስጠሯት።

"እኔ አንቺን ልጽፍ ነው" አሉ። "የምትይው ነገር አለ?"

ያን መልስ ስትሰጥ ምን ያህል እንደዘገየች ዶክተሩ በኋላ ነግረውኛል፤ "መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌያለሁ" ነው ያሉት።

"እሷን ይጻፉ" አለች። "ሁለቱንም ስለት የምታውቀው እሷ ናት። እኔ አንዱን ነው የማውቀው።"

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ መቀሱን አስቀመጠ። "ጎሽ የኔ እመቤት" አላት።

"ዝም በል" አለችው። ራት ቀረበ፤ አልበላችም። ሦስት ቀን በሻይ ዋለች። ደግ የሠራ ሰው ልቡ ይቀለዋል ሲሉ ሰምታ ነበርና፣ የእሷ ልብ ለምን እንደዚያ እንደሚቃጠል አልገባትም። የሹመቱ ደብዳቤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ቀን በዚያ በኩል ላለማለፍ በውጭው ደረጃ ዞራ ስትገባ አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው ወር የአምስት ቀን ፈቃድ ፈለገች፤ ልጇ ልትዳር ነበር። ፎርሙን እኔ ሞላሁላት። ይዛው የኃላፊዋ ቢሮ በር ላይ ቆመች። አዲሷ ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ።"

"አንቺ ተቀመጪ" አለች ሞረዷ። "አለቃ ቆሞ አይፈርምም።"

ቀልድ ይሁን ቁጣ አዲሷ አልለየችም፤ እኔም አልለየሁም። ተቀምጣ ፈረመችላት። ሞረዷ ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማውን አንዴ አየችው፣ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተች።

"ቅዳሜ ነው ሰርጉ" አለች በሩ ላይ ሆና። "መንታዎቹንም ይዘሻቸው ነይ።"